ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም፦ ለድሮ ኦርጋንና ለስፒከር ሳጥን የትኛው ገመድ?

ባለፈው ክረምት ዓለም ገና አንድ የጸሎት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ከአሜሪካ በኮንቴይነር የመጣ አሮጌ ሐሞንድ ኦርጋን አላቸው። አጠገቡ ከወገቤ ከፍ የሚል የእንጨት ስፒከር ሳጥን ቆሟል። ሁለቱን የሚያገናኘው አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ገመድ ነው። መዘምራኑን የሚያስተባብሩት ጋሼ ገመዱን እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ሶኬቱ ልክ ገብቷል። እኛ ግን ለማብራት ፈራን» አሉኝ።

እንኳንም ፈሩ። ኦርጋኑ የተዘጋጀው ለአንድ ዓይነት ሳጥን ነው። የመጣው ሳጥን ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የሁለቱም ሶኬት ግን አንድ ነው፤ ስድስት እግር ለስድስት ቀዳዳ። ቢበራ ኖሮ ከፍተኛ ቮልት መሄድ በሌለበት መንገድ ሊሄድ ይችል ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጉዳይ በጽሑፍ ላስቀምጠው ስል ቆየሁ። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በለገጣፎ እየዞርኩ ስጠግን የማየው ችግር አብዛኛው አንድ ነው። ሰው ገመድ የሚመርጠው በጫፉ ቅርጽ ነው። መምረጥ ያለበት ግን በውስጡ በሚያልፈው ነገር ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። እኛ አገር ኦርጋን ሲባል ኪቦርዱም ሁሉ ኦርጋን ነው። እዚህ የማወራው ስለ ድሮዎቹ ነው፤ ኃይሉ መርጊያ በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ይጫወት በነበረበት ዘመን ስለነበሩት ዓይነቶች። ሐሞንድ፣ ፋርፊሳ፣ ቮክስ እና የመሳሰሉት። እነዚህ ብዙዎቹ የተሠሩት ዛሬ የለመድነው የገመድ ሥርዓት ሳይረጋ ነው። ስለዚህ ከኋላቸው ያለው ቀዳዳ የሚናገረውን ማመን አይቻልም።

መጀመሪያ፦ በገመዱ ውስጥ ምን ያልፋል?

ከኦርጋን ወደ ሳጥን የሚሄደው ከአራት ነገሮች አንዱ ወይም ቅልቅላቸው ነው። አንደኛው ደካማ የድምፅ ሲግናል ነው። ሁለተኛው በአምፕሊፋየር የተጎላበተ፣ ስፒከሩን በቀጥታ የሚገፋ ድምፅ ነው። ሦስተኛው የሳጥኑን አምፕሊፋየርና ሞተር የሚያሠራ የግድግዳ ኤሌክትሪክ ነው። አራተኛው «ፍጠን፣ ቀስ በል» የሚል የፍጥነት ትእዛዝ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ሳጥኑ ውስጥ አምፕሊፋየር አለ ወይስ ስፒከር ብቻ ነው? ከኋላ ክዳኑን ፍቱና እዩ። ስፒከር ብቻ ከሆነ የሚፈልገው የተጎላበተ ድምፅ ነው። አምፕሊፋየር ካለው ደግሞ ሲግናል ነው። እንግዲህ ያ አምፕሊፋየር መብራቱን ከየት እንደሚያገኝ ተከታተሉ። የራሱ የግድግዳ ሶኬት ከሌለው መብራቱን የሚያመጣለት ያው የኦርጋኑ ገመድ ነው ማለት ነው። ያኔ ጥንቃቄው ሌላ ነው።

ጃክ ለጃክ፦ ሁለቱ መንታዎች

ቮክስና ፋርፊሳ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጋጩት ከዚህ ጋር ነው። የሲግናል ገመድም የስፒከር ገመድም ጫፉ ላይ ያው 6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ ሊኖረው ይችላል። ከውጭ ስታዩአቸው መንታ ናቸው።

የጃኩን ቆብ አዙራችሁ ፍቱት። የሲግናሉ ገመድ መሐሉ ላይ አንድ ቀጭን ሽቦ አለው። ዙሪያውን እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የመዳብ ጥልፍ ከቦታል። ከአምፖል፣ ከሞባይል፣ ከትራንስፎርመር የሚመጣውን ጩኸት የሚመክተው ያ ጥልፍ ነው። የስፒከሩ ገመድ ግን ሁለት እኩል ወፍራም ሽቦዎች ጎን ለጎን ናቸው። ጥልፍ የላቸውም።

ልዩነቱ ከሥራቸው ይመጣል። ሲግናል በጣም ደካማ ስለሆነ ጠባቂ ይፈልጋል። የተጎላበተ ድምፅ ግን ጠባቂ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰፊ መንገድ ነው። 40 ዋት ወደ 8 ኦም ስፒከር ሲሄድ 18 ቮልት ገደማ ሆኖ ከ2 አምፔር በላይ ይጎርፋል። ይህን በ10 ሜትር የሲግናል ገመድ ብትልኩት፣ የመሐሉ ሽቦም የመመለሻውም ስፋት 0.22 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን፣ ሽቦው ብቻውን 1.6 ኦም ያህል ይቃወማል። ከጉልበቱ 17 በመቶ ገደማው ስፒከሩ ጋ ሳይደርስ ገመዱን ያሞቃል። በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የስፒከር ሽቦ ግን የሚጠፋው 3 በመቶ አይሞላም።

አንድ ጊዜ ቡራዩ ለሠርግ በተተከለ ድንኳን ውስጥ እንዲህ ያለ ገመድ በእጄ ነክቻለሁ። ሞቆ ለስልሷል። አጫዋቹ «ባሱ ሞተብኝ» እያለ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ይጨምር ነበር። ገመዱን በወፍራም ሽቦ ስንቀይረው ባሱ ተመለሰ። ሌላ ምንም አልነካንም።

በተቃራኒው የስፒከር ገመድ ለሲግናል ብትጠቀሙ ምንም አይቃጠልም። ግን ጥልፍ ስለሌለው የመብራቱን 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) እምምታ ሰብስቦ ያመጣላችኋል። ያ ጩኸት ሲመጣ ብዙ ሰው ኦርጋኑን ያማል። መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ።

የኔ ምርጫ ይህ ነው። ከኦርጋን ወደ አምፕሊፋየር ከ6 ሜትር ያልበለጠ ባለ ጥልፍ የሲግናል ገመድ። የተለመደ የጊታር ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ መጠን ነው) ይይዛል። ስለዚህ በረዘመ ቁጥር የድምፁን ስስ ጫፍ ይበላል፤ አሮጌ ኦርጋን ላይ ደግሞ በደንብ ይሰማል። ከአምፕሊፋየር ወደ ሳጥን ደግሞ ቢያንስ 2 በ1.5 (ሁለት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ)፣ ከ10 ሜትር ካለፈ 2 በ2.5። ለዚህ ውድ ገመድ አያስፈልግም። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የሚገዛ ተጣጣፊ የመዳብ ሽቦ በቂ ነው። ብቻ መዳብ መሆኑን ጫፉን ልጣችሁ በቢላ ፈግፍጉት። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ተዉት።

ስፒኮን የሚባለው ሶኬት ካለ ከጃክ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። አዙረው ሲቆልፉት አይነቀልም። ጃክ በርቶ ሳለ ሲነቀል ጫፉ ሁለቱን መስመሮች ለአፍታ ያነካካል፤ ስፒኮን ይህ ችግር የለበትም።

ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ላላችሁ፣ ማለትም ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ ቱቦዎች ላሉት፣ ስፒከር ሳይሰካ በፍጹም አታብሩት። ድምፅ ሲያልፍ ጉልበቱ መውጫ ያጣና የመውጫ ትራንስፎርመሩን ያቃጥለዋል። ባለ ትራንዚስተሩ ደግሞ የሚፈራው ሌላ ነገር ነው፤ 8 ኦም በላዩ ተጽፎ 4 ኦም ሳጥን መሰካት።

ባለ አምስት እግሩ

በአውሮፓ የተሠሩ አሮጌ ኦርጋኖች ላይ ክብ፣ አምስት ቀጫጭን እግር ያለው ሶኬት ይገኛል። ዲን ይባላል። ሰው ቶሎ የሚያስበው የሚዲ ገመድ ነው (ድምፅ ሳይሆን የትኛው ኖታ እንደተነካ የሚናገር ትእዛዝ በኪቦርዶች መካከል የሚያስተላልፈው)፤ በየኪቦርድ ቤቱ አለና። ይገባል። ድምፅ ግን ላይመጣ ይችላል። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ የተጠቀመው ያንኑ ሶኬት ነው፤ የሚሠራው ግን በሦስት እግሮች ብቻ ነው፤ በ2፣ በ4 እና በ5። ስለዚህ ብዙ የሚዲ ገመዶች 1ኛውና 3ኛው እግር ላይ ሽቦ የላቸውም። ኦርጋኑ ድምፁን የሚያወጣው በ1 ወይም በ3 ከሆነ ዝምታ ነው የምትሰሙት።

እዚህ ላይ ከመግዛት ማሠራት ይሻላል። የኦርጋኑን ክዳን ከፍታችሁ ድምፁ የትኛው እግር ላይ እንደተበየደ ተከተሉ፤ ከዚያ ዲን ወደ ጃክ አሠሩ። ልምድ ላለው ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አንዳንድ የፋርፊሳ ሞዴሎች ግን ይለያሉ። መብራት የሚያገኙትም ድምፃቸው የሚያልፈውም ለብቻው በተሠራ ሳጥን በኩል ነው። ያ ሳጥን ከሌለ ምንም ገመድ አይተካውም፤ ስትገዙ አብሮ መኖሩን ጠይቁ።

ሌስሊ፦ ስድስት እግር፣ ሁለት ቋንቋ

አሁን ወደ ዓለም ገናው ሳጥን ልመለስ። ሌስሊ ይባላል። ዶን ሌስሊ የሚባል አሜሪካዊ የፈለሰፈው ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. ነው። ላይኛው ክፍል ውስጥ ጥሩንባ መሰል ቀንድ ይሽከረከራል። ታች ደግሞ የባሱን ድምፅ የሚያዞር ከበሮ አለ። ቀንዱ ሲፈጥን በደቂቃ 400 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ሲዘገይ 50 እንኳ አይሞላም። የሐሞንድ ድምፅ ሲንቀጠቀጥና ሲያለቅስ የምትሰሙት ከዚህ ነው። አንዴ በቅርብ ቆሞ የሰማው ሰው ሌላ ሳጥን አያረካውም።

ታዋቂዎቹ 122 እና 147 ናቸው። በእንጨታቸው፣ በቁመታቸው፣ በሶኬታቸው አንድ ናቸው። አምፕሊፋየራቸውም ሁለቱም ባለ ቫልቭ፣ ሁለቱም 40 ዋት ነው። አጫጭሮቹ ወንድሞቻቸው 142 እና 145 ይባላሉ፤ 142 የ122 ወገን ነው፣ 145 የ147።

ልዩነቱ በገመዱ ውስጥ ነው። የ122 ሳጥን ድምፁን የሚቀበለው በሁለት ተቃራኒ ሽቦዎች ነው፤ ሚዛናዊ የሚባለው መንገድ፣ ጩኸት የማይገባበት። የፍጥነቱ ትእዛዝም በእነዚያው የድምፅ ሽቦዎች ላይ እንደ ዲሲ ቮልት (እንደ ባትሪ አቅጣጫው የማይቀያየር) ተጭኖ ይሄዳል። በተጨማሪ በመቶዎች የሚቆጠር ዲሲ ቮልት ያለበት አንድ እግር አለ። የ147 ሳጥን ግን ድምፁን የሚቀበለው በአንድ ሽቦና በግራውንድ ነው። ፍጥነቱን የሚቀይረው ደግሞ ሌላ እግር ላይ በሚመጣ የግድግዳ ኤሌክትሪክ ነው። አንዱ ድምፅ በሚልክበት እግር ሌላው መብራት ይልካል። አደጋው የቱ ላይ እንደሆነ ታያላችሁ።

ገመዱ ራሱ ጥፋት የለበትም። ስድስቱ ሽቦዎች ከእግር ወደ እግር ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ለሁለቱም ያገለግላል። ችግሩ ኦርጋኑ ላይ የተገጠመው ሶኬትና ከሱ ጋር ያለው ማገናኛ ሳጥን ነው። የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገር የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ «ባለ ስድስት እግር የሌስሊ ገመድ አለኝ» ብሎ መግዛት ምንም አያረጋግጥም። የሳጥኑን ጀርባ ሰሌዳ አንብቡ። ቀጥሎ የኦርጋኑን ማገናኛ አንብቡ። ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ ሽቦውን ሳይከታተሉ መሰካት የለም።

የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ መልሱ ያለው በኦርጋኑ ነው። እንደ ቢ-3፣ ሲ-3 እና ኤ-100 ያሉት ትልልቆቹ ሐሞንዶች ሚዛናዊ መውጫ ስላላቸው 122 በተፈጥሮ ይስማማቸዋል። እንደ ኤል-100 ያሉ ትንንሾቹና የሌላ ፋብሪካ ኦርጋኖች ደግሞ ከ147 ጋር ይግባባሉ፤ ለብዙ ዓይነት እንዲሆን የተሠራ ነውና። ሳጥኑን ገና የምትገዙ ከሆናችሁና ኦርጋናችሁ ሐሞንድ ካልሆነ፣ እኔ ያለ ማመንታት 147 ወይም 145 ነው የምለው።

ዘጠኝ እግር ያላቸውም አሉ፤ ባለ ትራንዚስተር የሆኑት እንደ 760 ያሉት። በኋላ የመጡት ደግሞ ባለ 11 እና ባለ 8 እግር ናቸው። እነዚህ ቢያንስ ከስድስቱ ጋር በስህተት አይገቡም። ማገናኛ ፔዳል እየተባለ የሚሸጥም አለ፤ በጃክ የሚገባውን የኪቦርድ ወይም የጊታር ድምፅ ተቀብሎ ለሌስሊ በሚሆን መንገድ የሚያወጣ። ኦርጋኑ ተበላሽቶ ሳጥኑ ብቻ ለቀረው ሰው ጥሩ መላ ነው። እሱም ቢሆን ለ122 የተለየ ለ147 የተለየ ነው።

ከፍቶ መበየድ የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ በባለ ስድስቱ ገመድ ውስጥ የግድግዳ ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍ አትርሱ። ከግድግዳው ነቅላችሁም ቢሆን በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

ገመዱ ትክክል ሆኖ መብራቱ ሲሳሳት

የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣው ኦርጋን 117 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ሁሉም ሰው ቮልቱን ያስባል፤ ትራንስፎርመር ይገዛል። ኸርዙን ማንም አያስብም። ትራንስፎርመር ደግሞ ኸርዝ አይቀይርም።

ጥርስ ባላቸው መንኮራኩሮች ድምፅ የሚያወጣ ሐሞንድ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢ-3 ውስጥ 91 መንኮራኩሮች አሉ። የሚያዞራቸው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ ነው። 60 ሲጠብቅ 50 ካገኘ ሁሉም ኖታ በ6 ለ5 ይወርዳል። 440 ኸርዝ መሆን ያለበት «ላ» የሚባለው ኖታ 367 ገደማ ይሆናል። ዓለም ገና ቀደም ብለው ያለ ሳጥኑ ሞክረውት ነበር። «ትዝታውን ይዘን ስንዘምር ጊታሩና እሱ ሊገናኙ አልቻሉም» አሉኝ። ኦርጋኑ አልተበላሸም። ሦስት ግማሽ ድምፅ ወርዶ፣ ትንሽም አልፎ ነው የሚጫወተው።

የሌስሊው ሞተርም ይዘገያል፤ 400 የነበረው 330 አካባቢ ይሆናል። እሱ ግን ለጆሮ ያን ያህል አይጎዳም።

ጄኔሬተር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በዳር ሰፈሮቻችን መብራት ሲሄድ ትንሽ ጄኔሬተር ይነሳል። ማንቆርቆሪያ ሲሰካበት ሞተሩ ያቃስታል፤ ኸርዙም ይወርዳል። ያኔ ኦርጋኑ በመዝሙሩ መሐል ቅኝቱን ይለቃል።

ለዚህ ያየሁት ጥሩ መፍትሔ ንጹሕ ሞገድ የሚያወጣ ኢንቨርተር ነው። ብዙዎቹ 50 ወይም 60 ኸርዝ መምረጫ አላቸው። 60 ላይ አድርጋችሁ ከሱ በኋላ ቮልት አውራጅ ትራንስፎርመር ትሰካላችሁ። «ሞዲፋይድ» የሚባለውን ርካሽ ኢንቨርተር ግን ተዉት። ሞተሩን ያሞቀዋል፣ ድምፁም ውስጥ ይገባል። ለአውሮፓ በ50 ኸርዝ የተሠሩ ሐሞንዶችም አሉ፤ ገና የምትገዙ ከሆነ ሰሌዳው ላይ 50 የሚል ፈልጉ፣ ከብዙ ወጪ ያድናችኋል። ፋርፊሳና ቮክስ ላላቸው ይህ ሁሉ አያሳስብም። ቅኝታቸው ከመብራቱ ጋር አይያያዝም፤ ቮልቱ ብቻ ይበቃቸዋል።

ወደ ሚክሰር ርቀት ሲኖር

አዳራሹ ረጅም ከሆነና ድምፁ ወደ ሞንታርቦው የሚሄድ ከሆነ የጃክ ገመድ 20 ሜትር አትጎትቱ። ኦርጋኑ አጠገብ ዲ አይ ቦክስ (ሲግናሉን ለረጅም ገመድ እንዲሆን ወደ ሚዛናዊ የምትቀይር ትንሽ ሳጥን) አስቀምጡ፤ ከዚያ እንደ ማይክ ገመድ ባለ ሦስት እግር ኤክስ ኤል አር ላኩ። እምምታ ካለ ዲ አይ ቦክሱ ላይ ያለችውን የግራውንድ ማላቀቂያ ሞክሩ። የኦርጋኑን የመሬት ሽቦ ቆርጦ እምምታ ማጥፋት ግን በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። አይቻለሁ፤ ስለዚህ ነው የምናገረው። ሌስሊ ያለው ሰው ደግሞ ሳጥኑ ፊት ማይክ ያቁም። የቀንዱ ሽክርክሪት በገመድ አይወሰድም።

ዓለም ገና ምን መረጥን

ኦርጋኑ ኤ-100 ነው፤ ማገናኛው የ122። ሳጥኑ 147። ሦስት መንገድ ነበረን። የሳጥኑን አምፕሊፋየር መቀየር፣ የኦርጋኑን ማገናኛ መቀየር፣ ወይም ሳጥኑን ትቶ በሞንታርቦ መጫወት። አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ስለሆነ መንካት አልፈለግንም። ሌስሊን ያህል ነገር አቁሞ በሞንታርቦ መጫወት ደግሞ ጋሼን አላስደሰተም፤ እኔንም እንደዚያው። ስለዚህ የ147 ማገናኛ ከውጭ እንዲመጣ ለዘመዶቻቸው ላኩ።

እስከዚያ ኤ-100 የራሱ ስፒከር በሆዱ ውስጥ ስላለው በሱ እየተጫወቱ ነው፤ በ60 ኸርዝ ኢንቨርተር። ከጊታሩ ጋር ተስማምቷል። ወፍራሙን ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ነቅለን፣ ጠቅልለን፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀልነው። ጋሼ ነጭ ፕላስተር አምጥተው ሶኬቱ ላይ ጠመጠሙና በእስክሪብቶ ጻፉበት፦ «ለ147። ማገናኛው ሳይቀየር እንዳይሰካ።»